አንድ እና ዘጠኝ መቶ

ሰኞ፣ 4

አዲሱ ፕሪንተር ዛሬ መጣ። በደም ብልቃጥ ላይ የሚለጠፈውን ቁጥር የሚያትመው ማለቴ ነው። አሮጌው ሦስት ወር ሙሉ ወረቀት እየበላና እየተፋ ደም የምትቀዳውን ነርስ ሲያስለቅሳት ከርሟል። ሥራ አስኪያጁ ካርቶኑን ራሱ ተሸክሞ ካርድ ክፍል ድረስ አመጣልኝ።

"እስከ ሐሙስ ሥራ ይጀምር። የምተማመነው በእርስዎ ነው" አለኝ። በዕድሜ እበልጠዋለሁና አንቱ ይለኛል።

ሰካሁት። ኮምፒውተሩ አላወቀውም።

ስጽፈው ነው የሚገባኝና ልጻፈው። የጤና ጣቢያችን ኮምፒውተሮች የሚሠሩት ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። አዲስ ፕሮግራም ሲያስፈልግ ፓኬጅ ተብሎ ተጠቅልሎ ከተቀመጠበት ማከማቻ በኢንተርኔት ይወርዳል። እስከ ዛሬ የምንወስደው ከዋናው ማከማቻ ብቻ ነው፤ ብዙ ባለሙያ አይቶ፣ ፈትሾ፣ ማኅተም ካደረገበት። እዚያ ገብቼ ብፈልግ የአሮጌ ፕሪንተሮች ፕሮግራም እንጂ የዚህኛው የለም።

ማክሰኞ፣ 5

ኮምፒውተር የተማርኩት ከቅርጫት ነው። እዚህ መጀመሪያ የተቀጠርኩት በጽዳት ነበር። ሲስተሙን የተከለው ባለሙያ፣ ባለ ኮፍያው እንለው የነበረው፣ አንብቦ የጣለውን ወረቀት ሁሉ እያነሳሁ ግማሹን በመዝገበ ቃላት፣ ግማሹን እሱኑ እየጠየቅሁ አነበብኩ። መጀመሪያ ሳቀብኝ፤ በኋላ ሳይጠይቁት ይነግረኝ ጀመር። ሌላ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ወደ ካርድ ክፍል ተዛውሬ ነበር፤ የይለፍ ቃሉን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። ወረቀቶቹን ወፍራም ደብተር ላይ ለጥፌአቸዋለሁ። አንዳንዱ ራሱ የለም፣ አንዳንዱ እግሩ። አንዱ ላይ ሻይ ፈሶበታል።

ዛሬ በምሳ ሰዓት አንድ ሰው በራሱ የከፈተው ማከማቻ አገኘሁ። የእኛ ፕሪንተር እዚያ አለ። ሌላም ብዙ ነገር አለ። ሰውየው ማን እንደሆነ አላውቅም።

ባለ ኮፍያው ይለኝ የነበረው ትዝ አለኝ። "ከማታውቂው ማከማቻ የሚመጣ ፓኬጅ የቤቱን ቁልፍ ይዞ ነው የሚገባው። ግድ ከሆነብሽ የምትፈልጊውን አንዱን ብቻ ውሰጂ፤ ለሌላው ሁሉ ታማኙን አስቀድሚ።"

ረቡዕ፣ 6

ሠራ። ቁጥሩ ጥርት ብሎ ወጣ፤ መስመሮቹም እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ቀጥ ያሉ ናቸው።

ታማኙን አስቀድሜአለሁ። ማስቀደሚያው ቁጥር ነው። ለየማከማቻው ቁጥር ይሰጠዋል፤ አንድ ዓይነት ፓኬጅ ሁለቱም ዘንድ ከተገኘ ኮምፒውተሩ ቁጥራቸውን አይቶ ከማን እንደሚወስድ ይወስናል። ደብተሬን ገለጥኩ። ሻይ የፈሰሰበት ወረቀት አንድ ከሁሉ ይቀድማል ይላል። ለታማኙ አንድ፣ ለውጭው ዘጠኝ መቶ ሰጠሁ። ዘጠኝ መቶ ብዬ ስጽፍ ሰውየውን ከሰልፉ ጭራ ያቆምኩት መሰለኝና ደስ አለኝ።

ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ "ከተማ ድረስ ባለሙያ ልንጠራ ነበር፤ ለካ ባለሙያው ቤታችን ነው ያለው" አለ። እታለም ከላብራቶሪ በር ላይ ሆና አጨበጨበችልኝ። ላብራቶሪውን ብቻዋን የያዘችው እሷ ናት፤ ትልቅም ትንሽም እታለም ነው የሚላት። አሥራ አንድ ዓመት ምሳ አብረን በልተናል።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው። ማታ ስነግረው መቀሱን አስቀምጦ "እንግዲህ መሐንዲስ ነሽ፤ ደሞዝሽን ቆጥበሽ ጡረታ አውጪኝ" አለኝ።

ሐሙስ፣ 14

የሳምንቱ ማደስ፤ ኮምፒውተሩ ያሉትን ፓኬጆች በአዲስ የሚተካበት ቀን። ሌላ ጊዜ አምስት ስድስት ፓኬጅ ነው። ዛሬ አርባ ሦስት ብሎ ልቀጥል ወይ አለኝ። መስኮቱ ጋ ሠላሳ ሰው። አንድ ሕፃን ያለቅሳል። አዎ አልኩት። ዝርዝሩን ነገ አየዋለሁ።

ዓርብ፣ 15

ዝርዝሩን አላየሁም። ካርድ በዛ።

ሰኞ፣ 18

ዛሬ የሦስት ሰው ደም ጠፋ። ነርሷ ቀድቻለሁ ትላለች፤ እታለም አልደረሰኝም ትላለች። ሦስቱም ዳግመኛ ተወጉ። አንዱ ሽማግሌ እጃቸውን እየዘረጉ "ለሁለተኛው ቅናሽ የለውም?" ብለው አሳቁን። እታለም ግን አልሳቀችም።

ረቡዕ፣ 20

ዛሬም ሁለት። ጠዋት፣ ሰው ሲበዛ።

ምሳ ላይ እታለም የእርሳስ ደብተሯን አሳየችኝ። የሚደርሳትን ብልቃጥ ቁጥር ሁሉ፣ ማንም ሳያዛት፣ በእርሳስ ትጽፋለች። በዛሬው ገጽ ሁለት ቦታ ላይ አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ ተጽፏል።

"ሁለት ብልቃጥ አንድ ቁጥር ይዞ ይመጣብኛል። ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ የቀዱ መስሎኝ ነበር። ተለጣፊው እየደገመ ይሆን እንዴ?"

"አይደግምም" አልኳት። ለምን እንዲያ በፍጥነት እንደመለስኩ አላውቅም። አፌ ላይ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ይመስል።

"እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ" አለችኝ።

ማክሰኞ፣ 26

ስብሰባ ነበር። ሥራ አስኪያጁ በስምንት ቀን አሥራ አራት ናሙና መጥፋቱን ከወረቀት አነበበ። ነርሷ "እኔ የወጣልኝን ነው የምለጥፈው" አለች። እታለም የእርሳስ ደብተሯን ይዛ ተነሳች። ጥቂት ሰማትና ወደ እኔ ዞረ።

"ኮምፒውተሩን አይተውታል?"

አይቼዋለሁ። ከስብሰባው በፊት፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ክፍሉ ጭር ሲል አሥር ተለጣፊ አትሜ ነበር። አንዱን አውጥቼ፣ አገላብጬ አይቼ፣ ሌላውን። አሥሩም አሥር የተለያየ ቁጥር። ያየሁትን ነው የተናገርኩት።

"ኮምፒውተሩ ደህና ነው" አልኩ።

እታለም ደብተሯን ዘግታ ተቀመጠች።

ውሸት አልተናገርኩም። አሥሩንም አይቻለሁ።

ሐሙስ፣ 28

ማደስ። ሰባት ፓኬጅ ብቻ። ስለ አርባ ሦስቱ ደግሞ አሰብኩ። ዝርዝሩ የትም አይሄድም፤ ኮምፒውተሩ መዝግቦታል። ጊዜ ሳገኝ።

ነርሷ ኮሪደር ላይ ስለ እታለም ለጽዳት ሠራተኛዋ ስታወራ ሰማሁ። "ዓይኗ ደክሟል እኮ፤ ጡረታው እስኪደርስ ነው የምትጎተተው።" ጽዳቷ ደግሞ "ዓይን ቢሆን ደግ ነበር" አለች። ሳል ሳል አልኩና አለፍኩ። ዝም ብላችሁ ሥሩ ልላቸው እችል ነበር።

ሰኞ፣ 2

በር ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ወደቀች። ከሁለት ሳምንት በፊት ተመርምራ ደምሽ ሙሉ ነው ተብላ ነበር። ዛሬ ሐኪሙ ዳግመኛ ሲያስመረምራት ከግማሽ ትንሽ የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ወሰዷት። ባሏ ጫማዋን ይዞ ሲሮጥ አንዱ ወደቀበትና አነሳሁለት። አመሰገነኝ።

መዝገቡን ከፈትኩት። ያን ቀን በእሷ ቁጥር ሁለት ጊዜ ውጤት ገብቷል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሸፍኖታል። ሁለተኛው የማን ደም እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ረቡዕ፣ 4

ሆስፒታል ደም ሰጥተዋታል። እሷም ፅንሱም ደህና ናቸው ተብሏል። ሰው ሁሉ እፎይ አለ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ላብራቶሪው በር አየ።

ሐሙስ፣ 5

እታለም ደብዳቤ ተሰጣት። ረቡዕ 18 ቀን ኮሚቴ ተቀምጦ እስኪወስን ከሥራ ታግዳ ቤቷ ትቆያለች። ከሌላ ጤና ጣቢያ ተተኪ ይመጣል። ደብዳቤውን ቆማ አንብባ፣ አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ማሽኑን አጠፋች፣ መስኮቱን ዘጋች፣ እጇን ታጠበች። እጇን እስከ ክርኗ ነው የምትታጠበው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ እሷ አጠገቤ ስታልፍ ትከሻዬን ነካ አደረገች። እሷ እኔን አጽናናችኝ።

እሑድ፣ 8

ይህን በደንብ ልጻፈው።

ጠዋት ባለቤቴ ከባድ ካፖርት ይሰፋ ነበር። "ወፍራሙን ክር አቀብዪኝ" አለኝ። ሳጥኑ ውስጥ አንዱ ላይ አርባ፣ አንዱ ላይ መቶ ሃያ የሚል አለ። መቶ ሃያውን ሰጠሁት።

"ይሄ የሸረሪት ድር ነው፤ ወፍራሙን አልኩሽ።"

"ቁጥሩ የሚበልጠው እሱ ነዋ።"

"ክር ቁጥሩ ሲጨምር ይቀጥናል።"

"መርፌው ቁጥሩ ሲጨምር ይወፍራል ብለኸኝ አልነበር?"

"መርፌው ይወፍራል፤ ክሩ ይቀጥናል። ቁጥር ያወጡላቸው ሰዎች አልተነጋገሩም፤ እኔ ምን ላድርግ?"

"ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ላይ ሲሰፉ ኖረው እንዴት አይስማሙም?"

"እኛስ ተስማምተን ነው?" አለና ሳቀ።

እኔም ልስቅ ነበር። ክሩን እንደያዝኩ ሄጄ ደብተሬን አወጣሁ። ሻይ የፈሰሰበትን ወረቀት ወደ መስኮቱ ይዤ አየሁት። ራሱ ተቀዷል፤ ግን ጥግ ላይ በደቃቁ የተጻፈ አለ። የእኛ ዓይነት ሊኑክስ መመሪያ አይደለም። የሌላው ዓይነት ነው። ሊኑክስ እንደ ቤተ ዘመድ ነው፤ ስሙ አንድ፣ ቤቱ ብዙ። እዚያኛው ቤት ቁጥሩ ያነሰው ይቀድማል። የእኛን ከደብተሩ መጨረሻ አገኘሁት፤ ግማሽ ገጽ፣ እኔው ራሴ የለጠፍኩት። ቁጥሩ የበለጠው ይቀድማል ይላል።

ለታማኙ አንድ። ለማላውቀው ሰው ዘጠኝ መቶ።

ለባለቤቴ ምንም ሳልለው ወጣሁ። ዘበኛው ጋሼ በሩን ከፍተው "በሰንበት ምን እግር ጣለሽ ልጄ?" አሉኝ። የረሳሁት ነገር አለ አልኳቸው።

ፓኬጅ ከየትኛው ማከማቻ እንደመጣ የሚያሳይ ትእዛዝ አለ። ቃሉ አጭር ነው፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ አውቀዋለሁ። በዚያ ሐሙስ ብጽፈው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አርባ ሦስቱንም አንድ በአንድ ጠየቅሁት። አርባ ሦስቱም ከውጭው። ከመካከላቸው አንዱ ለፕሪንተር የሚላከውን ሥራ በተራ የሚያሰልፈው ነው። ታማኙ ዘንድ የተፈተሸው ነበረን፤ በላዩ ላይ ያልተፈተሸ ጫንኩበት።

ከዚያ ባለፈው ያላደረግሁትን አደረግሁ። ሁለት ትእዛዝ ትንፋሽ ሳልወስድ አከታትዬ ላክሁ፤ ጠዋት ሰው ሲበዛ ሐኪሞቹ እንደሚልኩት። ሁለት ተለጣፊ ወጣ። ሁለቱም አንድ ቁጥር። የፊተኛው ተደግሞ የኋለኛው ተዋጠ።

አሥሩን አንድ በአንድ፣ አገላብጬ እያየሁ ነበር ያተምኩት። ጊዜ ሰጥቼው።

ቁጥሮቹን ለዋወጥኳቸው። ይህ አልበቃም፤ አንዴ የገባ ፓኬጅ ቁጥሩ ስለተቀየረ ብቻ ተነስቶ አይወጣም። አርባ ሦስቱንም እየጠራሁ በታማኙ ተካሁ። ከውጭው ማከማቻ የፕሪንተሩን አንዱን ብቻ አስቀረሁ፤ ሌላ እንዳያስገባም ቆለፍኩ። አከታትዬ ሃያ አተምኩ። ሃያ ልዩ ልዩ ቁጥር።

አሥር ሰዓት ላይ ጨረስኩ። የተበላሹትን ተለጣፊዎች ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ማንም አላየኝም።

ሰኞ፣ 9

መቶ አሥር ሰው ተመረመረ። አንድም አልጠፋም።

ተተኪው ጥሩ ሰው ነው፤ ረጋ ያለ። ሥራ አስኪያጁ ከሰዓት በኋላ ካርድ ክፍል ገብቶ "አያችሁ? ችግሩ የት እንደነበር ታወቀ" አለ። ነርሷ "እኔ መቼ አጣሁት" አለች። ጽዳቷ ራሷን ነቀነቀች።

ይህን አላሰብኩም ነበር። ሳስተካክለው ለእታለም የማደርግላት መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ 10

አልጠፋም።

ረቡዕ፣ 11

አልጠፋም። ሥራ አስኪያጁ በየቀኑ ለኮሚቴው ይመዘግባል። መዝገቡ ንጹሕ በሆነ ቁጥር እሷን ይቀብራታል።

ልነግረው ሁለት ጊዜ ተነሳሁ። አንዴ ስልክ ላይ ነበር። አንዴ አልነበረም፤ ብቻውን ነበር። ካርድ ልፈልግ እንደመጣሁ ሆኜ ተመለስኩ።

ቢያባርሩኝ በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል? ወረቀት የለኝም። ያለኝ የተለጠፈ ደብተር ነው። "ከቅርጫት የተማረች ሴት ሰርቨር ሰጥታችሁ" ይላሉ። ደግሞም እውነታቸውን ነው።

ዓርብ፣ 13

እታለም የንባብ መነጽሯን ላብራቶሪ ረስታ ነበር። ይዤላት ሄድኩ። እነግራታለሁ ብዬ ነው የሄድኩት፤ መንገድ ላይ ቃሉን ሳዘጋጅ ነበር።

ነጩን ጋዋኗን እየተኮሰች አገኘኋት።

"ለረቡዕ ነው። ሲያባርሩኝም ተተኩሼ ልባረር" አለችኝና ሳቀች። ወንበር ሰጠችኝ። ካውያውን ገትራ አቆመችው።

"ዓይን ሐኪም ጋ ሄድኩልሽ። ዓይንሽ ደህና ነው አለኝ። ብደሰት ጥሩ ነበር፤ ጨርሶ ነው የፈራሁት።"

"ለምን?"

"ዓይኔ ካልሆነ አእምሮዬ ነው ማለት ነዋ። እናቴ የጀመራት በዚሁ ዕድሜ ነው። መጀመሪያ ዕቃ ነበር የምታጣው፤ በኋላ እኔን አጣችኝ። አሁን ጠዋት ጠዋት በሩን መቆለፌን ሦስት ጊዜ ተመልሼ አያለሁ። የጻፍኩትን ቁጥር አላምነውም። ያ የእርሳስ ደብተር አለ አይደለ? ቀደድኩት።"

"ደህና ነሽ" አልኳት። "ምንም አልሆንሽም።"

"አንቺ ስለምትወጂኝ ነው።"

ተነስቼ ወጣሁ። ቃሉን ሁሉ ይዤው ተመለስኩ። መንገድ ላይ አንድ ሰው ምን ሆነሽ ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ ማንነቱን አላውቅም።

ሰኞ፣ 16

ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። ከአንድ እስከ ዘጠኝ መቶ፣ ሁሉንም። በሩን ዘጋና ተመልሶ ተቀመጠ። እስክጨርስ አላቋረጠኝም።

"አሁን ተስተካክሏል?"

"ተስተካክሏል።"

"ተመልሶ አይመጣም?"

"አይመጣም።"

ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ክፉ ሰው አይደለም። ልጆቹ ትንንሾች ናቸው፤ ፎቷቸው ከኋላው ተሰቅሏል።

"ይስሙኝ እስቲ። እስከ ሐሙስ ይሥራ ብዬ ያጣደፍኩዎ እኔ ነኝ። ይህ ነገር ከወጣ እርስዎም እኔም ነን የምንጠየቀው። እሷን ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ እናዛውራታለን፤ ደሞዟ አይነካም፣ መዝገቧም ላይ ምንም አይጻፍም። ሁለት ዓመት ነው የቀራት። ማን ተጎዳ?"

"ያስቡበት" አለኝ። በሩን ራሱ ከፈተልኝ።

ለባለቤቴ ነገርኩት፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። እየሰፋ ሰማኝ። ከዚያ እግሩን ከመርገጫው አነሳ።

"እኔ የሰው ሱሪ አሳጥሬ ከቆረጥኩ ቁርጭምጭሚቱ ሜዳ ላይ ይቀራል። ያየ ሁሉ ያውቅብኛል። የአንቺ ሥራ ክፋቱ አለመታየቱ ነው።"

"ቢያባርሩኝስ?"

"የሸሚዝ ቁልፍ ትተክይልኛለሽ። ቁጥሩን ግን እኔ ነኝ የምነግርሽ።"

ማክሰኞ፣ 17

ካርድ ክፍል ጥግ ላይ ማንም የማይጠቀምበት ኮምፒውተር አለ። ያኔ የሠራሁትን ስህተት አንድ በአንድ እዚያ ላይ መልሼ ሠራሁት። ለታማኙ አንድ፣ ለውጭው ዘጠኝ መቶ። ማደስ። አዎ። ስህተት ሆን ብሎ መሥራት ከባድ ነው፤ እጄ እምቢ ይለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ 18

አምስት የኮሚቴ ሰዎች፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ነርሷ፣ እታለም። ጋዋኗ እንደ ወረቀት ተተኩሷል። የጥጉን ኮምፒውተር አስቀድሜ አስገብቼዋለሁ፤ ፕሪንተሩን ታቅፌ ስገባ ሥራ አስኪያጁ አየኝና ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው መለሰ። እንዳልገባ አልከለከለኝም።

ንግግር አላዘጋጀሁም። "የማሳያችሁ ነገር አለ" አልኩ። ሁለት ትእዛዝ አከታትዬ ላክሁ። ሁለቱን ተለጣፊ ቀድጄ ለእታለም ሰጠኋት፤ ለሰብሳቢው መስጠት ነበረብኝ መሰለኝ፣ ግን ለእሷ ሰጠኋት።

መነጽሯን አደረገች። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ለጠፈቻቸው።

"አእምሮዬ ደህና ነው ማለት ነው" አለች። ለማንም አልነበረም የተናገረችው።

ከዚያ የቁጥሩን ነገር አስረዳሁ። ሰብሳቢው ሽማግሌ ናቸው፤ "እንግዲህ አንድ ማለት መጨረሻ ሆነ ማለት ነው?" አሉ። "በዚህኛው ቤት አዎን" አልኳቸው። አርባ ሦስቱን ሳላይ አዎ ማለቴን፣ በስብሰባው ላይ ደህና ነው ማለቴን ተናገርኩ። ሥራ አስኪያጁ አንገቱን እንደደፋ "እሳቸውን ያጣደፍኳቸው እኔ ነኝ" አለ። ይህን ይላል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

እታለም ወደ እኔ ዞረች።

"መቼ አወቅሽ?"

"እሑድ፣ 8 ቀን።"

"ዓርብ ቤቴ ስትመጪ ታውቂ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

ከዚያ በኋላ አላየችኝም። ሰብሳቢው ስለ እኔ ምን ቢወሰን እንደሚሻል ጠየቋት። "ስለ እሷ ምንም አልልም። ግን ቁጥራቸው የተደገመባቸው ሰዎች ገና በሠፈሩ እየተራመዱ ነው። ዝርዝሩን ታውጣልኝ" አለች።

ዓርብ፣ 20

የእግድ ደብዳቤው ተሰረዘ። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። የይለፍ ቃሉ ተቀየረ፤ ከእንግዲህ ከዋናው ማከማቻ ውጭ አንድም ነገር ሳይፈቀድ አይገባም፤ ሲገባም ከየት እንደመጣ ሁለት ሰው አይቶ ይፈርማል። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የምፈርመው ግን እኔ አይደለሁም።

ካርድ ክፍሉን ትተውልኛል።

ሰኞ፣ 23

ተከታትለው የታዘዙትን ከመዝገቡ በሰከንድ እየለየሁ አወጣሁ። ሠላሳ ስምንት ሰው። ወረቀቱን ላብራቶሪው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። እታለም አነበበችው፤ አዲስ የእርሳስ ደብተር ከፈተች።

"ደውዪላቸው" አለች።

የምናወራው ቁጥር ብቻ ነው። ምሳ ለየብቻ።

ሐሙስ፣ 26

ሃያ ዘጠኝ መጡ። አንዱ ሰውዬ ጤነኛ ሆኖ ስኳር አለብህ ተብሎ ሻዩን መራራ ሲጠጣ ከርሟል። ስነግረው ደስታውንም ንዴቱንም አንድ ላይ አወጣብኝ። ይገባኛል አልኩት። አንዲት ሴት ወዲያው እጇን ለመርፌ ዘረጋች። ነፍሰ ጡሯ ከሆስፒታል ወጥታ ለክትትል መጣች፤ ባሏ ጫማውን ያነሳሁለት መሆኔን አስታውሶ ሰላም አለኝ። ስህተቱ የእኔ መሆኑን ነገርኩት። እጄን ይዞ ቆየና ለቀቀው። ተመልሶ አልጨበጠኝም።

ሰኞ፣ 30

ሠላሳ ስምንተኛው ስልክ አያነሱም ነበር። ትናንት አድራሻውን ይዤ በእግሬ ፈለግኋቸው፤ ቤት ቀይረዋል። ባለሱቁ ጠቆመኝ። አንድ ቀጭን የትምህርት ቤት ዘበኛ ናቸው። ዛሬ ጠዋት መጡ።

ነርሷ ቀዳች። ተለጣፊውን ለጠፍኩና ብልቃጡን ራሴ ላብራቶሪ ወሰድኩት። እታለም እርሳሷን አነሳች።

"አንብቢ።"

አነበብኩ።

"ድገሚው።"

ደገምኩት። ጻፈችው፤ የራሷን ጽሑፍ አንዴ አየችው፤ ሁለተኛ አላየችውም። ብልቃጡን ማሽኑ ውስጥ ከተተች። ልወጣ ስዞር ሁለተኛውን በርጩማ በእግሯ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

"ሰባት ደቂቃ ይፈጃል" አለች። "ቁጭ በይ።"

ቁጭ አልኩ።